ከሰጠሙ መርከቦች ለሚወጡ ጥንታዊ ሳንቲሞች የትኛው ዲቴክተር ይሻላል? ለባሕር ዳር ፈላጊዎች የንጽጽር መመሪያ

ከሰጠመች መርከብ ወጥቶ ባሕር ዳር የሚገኝ የ300 ዓመት ሳንቲም በሥዕል እንደምናየው ክብና አንጸባራቂ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው፤ ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ዳርና ዳሩ የሳሳ፣ አንዳንዴም አሸዋና ቀንድ አውጣ የተጣበቀበት። ስፔን በሜክሲኮ፣ በሊማና በፖቶሲ ታሳትማቸው የነበሩት «ኮብ» የሚባሉት ሳንቲሞች ገና ከመሠራታቸውም ክብ አልነበሩም። ከብር ዘንግ ላይ በመሮ ይቆረጣሉ፣ ክብደታቸው ልክ እስኪመጣ ጠርዛቸው ይከረከማል፣ ከዚያ በሁለት ማኅተም መካከል በመዶሻ ይመታሉ። ባለ 8 ሬያሉ (ሬያል የስፔን የብር ገንዘብ ነው) አዲስ ሳለ 27 ግራም ገደማ ይመዝናል። ግማሽ ሬያሉ 1.7 ግራም ብቻ ነው፤ ስፋቱም ከትንሽ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም።

ይህን ያስቀደምነው ያለምክንያት አይደለም። ባሕር ውስጥ የቆየ ብር ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር የብር ሰልፋይድ ይለወጣል። ውጩ ሳንቲም ሆኖ ሳለ ውስጡ የቀረው ንጹሕ ብር እንደ ወረቀት የሳሳ ሊሆን ይችላል። ዲቴክተር፣ ማለትም የብረታ ብረት መፈለጊያው፣ የሚሰማው ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ክፍል እንጂ ሰልፋይዱን አይደለም። ስለዚህ ከባዱ ባለ 8 ሬያል እንኳ አንዳንዴ የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ ዓይነት ደካማ ድምፅ ይሰጣል። ወርቅ ግን አይበላም፤ የስፔን የወርቅ ሳንቲም የሆነው ኤስኩዶ በሰጠመበት ቀን እንደነበረ ይወጣል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው መሣሪያ እንግዲህ በመናፈሻ ሣር ውስጥ ወፍራም ሳንቲም በመለየት የተደነቀው ሳይሆን፣ በጨው በተነከረ አሸዋ ላይ ሳይንጫጫ ስስና ደካማ ድምፅ የሚያሰማው ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ውሃ የማያስገባ መልቲ ፍሪኩዌንሲ (በብዙ የሞገድ ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ የሚሠራ) ዲቴክተር ነው። ፐልስ ኢንዳክሽን (በምት በምት እየላከ በመሐል የሚያዳምጠው) ጥቁር አሸዋ በበዛበትና ዘመናዊ ቆሻሻ በሌለበት ባሕር ዳር ይበልጠዋል። ነጠላ ፍሪኩዌንሲ (በአንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራው) ደግሞ ከደረቅ አሸዋ ለማይወጣ ሰው ብቻ ይበቃል፤ እሱም አንድ የተለየ አጋጣሚ አለው፣ ከታች እንደርስበታለን።

ችግሩ ጨውና ጥቁር አሸዋ ነው

ዲቴክተር በኮይሉ (በዘንጉ ጫፍ ባለው የሽቦ ጥቅል) በኩል መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ መስኩ ያገኘው ብረታ ብረት ውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ኮይሉ ያንን መልሶ ያዳምጣል። ጨዋማ ውሃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በመሆኑም እርጥብ የባሕር አሸዋ ለኮይሉ ከሥሩ የተነጠፈ ሰፊ ፎይል መስሎ ይሰማዋል። ሞገድ መጥቶ ኮይሉን ሲያለብስ፣ ወይም እጅ ሳይታወቅ ኮይሉን ሦስት ጣት ያህል ከፍ ሲያደርግ፣ ምንም በሌለበት ድምፅ ይመጣል።

ሁለተኛው ችግር ማግኔታይት ነው፤ ማዕበል ከነጩ አሸዋ እየለየ በጥቁር ሰንበር የሚያስቀምጠው ከባድ የብረት ማዕድን። ይህኛው የሚያውከው በማስተላለፍ ሳይሆን በመግነጢሳዊነቱ ነው። ነጠላ ፍሪኩዌንሲ ያለው መሣሪያ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ሊስተካከል ይችላል፤ ለጨው ሲያስተካክሉት ጥቁሩ አሸዋ ያስጮኸዋል፣ ለጥቁሩ አሸዋ ሲያስተካክሉት ጨው ያስጮኸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስወገድ የሚችለው ቢያንስ በሁለት ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ የሚያዳምጥ ነው። የዋጋው ልዩነት በዋናነት የሚከፈለው ለዚህ ችሎታ ነው።

የሚሄዱበት ባሕር ዳር የትኛው ችግር እንዳለበት ለማወቅ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ማግኔት በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው እርጥቡን አሸዋ ይንኩበት። ጥቂት ቅንጣት ብቻ ከያዘ መልቲ ፍሪኩዌንሲ ይበቃዎታል። ከረጢቱ ጥቁር ጢም አብቅሎ ከተነሣ ፐልስ ኢንዳክሽንን በቁም ነገር ያስቡበት።

ነጠላ ፍሪኩዌንሲ

ጋሬት ኤስ 300 በ8 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ ኮይሉ ውሃ ይችላል፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ግን አይችልም። የዚያው አምራች ኤቲ ፕሮ በ15 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን እስከ 3 ሜትር ጥልቀት ውሃ አያስገባም። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። ውሃ አለማስገባት ጨው መቻል ማለት አይደለም። ኤቲ ፕሮ በሐይቅና በወንዝ ውስጥ ግሩም መሣሪያ ነው፤ ጨዋማ ሞገድ ውስጥ ግን ዝም እንዲል ስሜታዊነቱን (ደካማ ድምፅ የመስማት አቅሙን) ሲቀንሱ ጥልቀቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ያኔ ስሱ ኮብ ከመስማት ክልሉ ውጭ ይቀራል።

የተለየው አጋጣሚ ይህ ነው። ከባድ ማዕበል የአሸዋውን ጉብታ ቆርጦ እንደ ግድግዳ ሲያቆመው፣ ከግድግዳው ሥር ያለው አሸዋ በማግሥቱ ሲደርቅ፣ ሳንቲሞች ከውሃው ርቀው በዚያ ሥር ይገኛሉ። እዚያ ጨው የለም ማለት ይቻላል፤ ባለ 8 ወይም ባለ 15 ኪሎ ኸርዙ መሣሪያ ከውዱ ብዙም ሳይለይ ይሠራል። ነጠላ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሰው እርጥቡን ትቶ ያንን መስመር ይያዝ።

መልቲ ፍሪኩዌንሲ

በዚህ ጎራ የማይንላብ ኢኪኖክስ 700ና 900፣ ማንቲኮር፣ የኖክታ ሌጀንድና የኤክስፒ ዲየስ 2 ጎልተው ይታወቃሉ። ሁሉም እርጥብ አሸዋ ላይ በደንብ ይሠራሉ። ሳንቲም በማግኘት ረገድ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ማስታወቂያዎች የሚያጋንኑትን ያህል አይደለም፤ የሚለያቸው አያያዛቸው ነው።

ኢኪኖክስ 900ና ማንቲኮር እስከ 5 ሜትር፣ ሌጀንድ እስከ 3 ሜትር፣ ዲየስ 2 እስከ 20 ሜትር ውሃ ይችላሉ። በደረት ልክ ውሃ ለሚሠራ ሰው ሦስቱም ቁጥሮች ከበቂ በላይ ናቸው፤ በጥልቀቱ ቁጥር ብቻ ተመርቶ መግዛት አያስፈልግም። ይልቅ ማየት ያለብዎ ግንኙነቱን ነው። የራዲዮ ሞገድ በጨው ውሃ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሄድም። የዲየስ 2 ኮይል ከመቆጣጠሪያው ጋር ያለ ሽቦ ስለሚገናኝ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከኮይሉ እስከ መቆጣጠሪያው የሚሄድ የአንቴና ሽቦ ማሰር ያስፈልገዋል። ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫም እንዲሁ ጭንቅላት ከውሃ በላይ፣ መቆጣጠሪያው ከውሃ በታች ሲሆን ድምፁ ይቋረጣል። ወገብ ልክ ለሚገባ ሰው ውሃ የማያስገባ ባለ ገመድ ማዳመጫ ቅንጦት ሳይሆን የመሣሪያው አካል ነው፤ ሲገዙ አብሮ መኖሩን ይጠይቁ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያረጀው ማይንላብ ኤክስካሊበር 2 አሁንም ደጋፊዎቹ ብዙ ናቸው። ስክሪን የለውም፣ የተገኘው ምን ዓይነት ብረታ ብረት እንደሆነ የሚጠቁም ቁጥር አያሳይም፣ ከባድ ነው፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚናገረው። ወደ 60 ሜትር ጥልቀት ይችላል። ጆሮው የሰለጠነ ሰው ከዚህ ድምፅ የሚያገኘውን መረጃ ከስክሪን ቁጥር አያገኝም፤ ለጀማሪ ግን አንመክረውም። ቁጥር ሳያዩ ድምፅ ለመልመድ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል።

አሠራሩ ላይ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። መጀመሪያ የባሕር ዳር ሞድ ይምረጡ፤ የመናፈሻው ሞድ እርጥብ አሸዋ ላይ አይሠራም። ቀጥሎ ኮይሉን ሳያንቀሳቅሱ የአካባቢ ጫጫታ ማጥፊያውን ያስጀምሩ፣ ከዚያም መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር ያስተካክሉ። በመጨረሻ ስሜታዊነቱን ከፍ አድርገው ጀምረው መሣሪያው ዝም እስኪል አንድ አንድ ደረጃ ይቀንሱ። ብዙ ሰው ከፍተኛው ላይ ትቶት በውሸት ድምፅ ሲደናገር ይውላል፤ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጆሮው ይደክምና እውነተኛውን ደካማ ድምፅም ከጫጫታው ጋር ይተወዋል።

ደረቁና እርጥቡ አሸዋ በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ የአካሄድ ጉዳይ አለ። ከውሃው ጋር ትይዩ ከሄዱ እያንዳንዱ የኮይል ውዝዋዜ ከደረቅ ወደ እርጥብ ይሻገራል፣ በእያንዳንዱም የውሸት ድምፅ ይመጣል። እዚያ ቦታ ላይ ፊትዎን ወደ ባሕሩ ወይም ወደ የብስ አድርገው ይሂዱ፤ ያኔ ውዝዋዜው መስመሩን ይከተላል እንጂ አይቆርጠውም።

ፐልስ ኢንዳክሽን

ይህኛው ሳያቋርጥ አይልክም። አንድ ኃይለኛ ምት ልኮ ዝም ይላል፣ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ቆይቶ ያዳምጣል። በጨው ውሃ ውስጥ የተፈጠረው ጅረት ወዲያው ይሞታል፤ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ትንሽ ይቆያል። መሣሪያው የሚያዳምጠው ጨው ዝም ካለ በኋላ ነው። ማግኔታይትንም አይፈራም። ነጠላ ፍሪኩዌንሲ በሚያብድበት ጥቁር አሸዋ ላይ ጸጥ ብሎ ከመልቲ ፍሪኩዌንሲም የጠለቀ ይሰማል። የጋሬት ሲ ሃንተር ማርክ 2 የዚህ ዓይነት ሲሆን ወደ 60 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ይችላል፤ ጠላቂዎችም ይጠቀሙበታል።

ወሳኙ ቁጥር መዘግየቱ ነው፤ ከምቱ እስከ ማዳመጡ ያለው ጊዜ። 10 ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ ከሆነ ስሱ ኮብና ትንሹ ወርቅ ይሰማል። 15ና ከዚያ በላይ ከሆነ መሣሪያው ይበልጥ ጸጥ ይላል፣ ነገር ግን ግማሽ ሬያልና የተበላ ባለ 1 ሬያል ጅረታቸው ከጨው ጋር አብሮ ሞቶ ያልፋል። መዘግየቱ የሚስተካከል ከሆነ አጭር ላይ አድርገው ጀምረው ሞገዱ ማስጮኹን እስኪተው ብቻ ያርዝሙት።

ዋጋው የሚከፈለው በቁፋሮ ነው። ፐልስ ኢንዳክሽን ብረትን ከብር አይለይም ማለት ይቻላል። መዋኛ በሆነ ባሕር ዳር የፀጉር ማያዣ፣ ምስማር፣ የጣሳ ክዳን፣ ሽቦ ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል፤ ቀኑ በዚያ ያልቃል። አንድ መጠነኛ መለያ አለ፦ ረጅም ምስማር በርዝመቱ ሲያልፉበት ሁለት ድምፅ ይሰጣል፣ ዘጠና ዲግሪ ዞረው ሲያልፉበት አንድ። ሳንቲም ከየትም ቢያልፉበት አንድ ነው። ፍጹም አይደለም፣ ግን ከቁፋሮው የተወሰነውን ይቀንሳል።

ሰው በማይዋኝበት፣ መርከብ መስጠሟ በሚታወቅበት ዳርቻ ግን ይኸው ጉድለት ጥቅም ይሆናል። የመርከብ ምስማር፣ የመዳብ ችንካር፣ የጠመንጃ እርሳስ ጥይት፣ ሁሉም የመርከቧ ምልክቶች ናቸው። የበሰበሰ የብረት ምስማር ባገኙበት ቦታ መሣሪያው ብረት እንዲያሰማዎት ነው የሚፈልጉት።

ብረት መለያውን ምን ያህል እንመን?

እጅግ ጥቂት። ይህ በመልቲ ፍሪኩዌንሲ መሣሪያዎች ሁሉ ላይ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የከበደ ምክራችን ነው። ብረት ባሕር ውስጥ ሲዝግ በአካባቢው ያለውን አሸዋ፣ ኖራና ዛጎል አጣብቆ ድንጋይ ያደርገዋል፤ ሳንቲም በዚያ ድንጋይ ውስጥ ከምስማር ጋር ተጣብቆ ከሆነ መሣሪያው ብረት ብሎ ዝም ያሰኘዋል። የተበላ ስስ ኮብ ደግሞ በቁጥሩ ከፎይልና ከጣሳ መክፈቻ ቀለበት ጋር ይወድቃል። ቁጥሩን ዓይቶ «ፎይል ነው» ብሎ ማለፍ በመርከብ ዳርቻ ላይ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው።

ብረቱን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲሰማ ያድርጉት። ድምፁ ከሁለት አቅጣጫ ሲደገም ይቆፍሩ፣ ቁጥሩ ምንም ይበል።

ኮይል

የ28 ሴንቲ ሜትር ኮይል ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። አንድ ባለ ብዙ ልምድ መለኪያ አለ፦ ሳንቲም የሚሰማበት ጥልቀት ከኮይሉ ስፋት እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ የ38 ሴንቲ ሜትሩ ጠለቅ ያለ ይሰማል፣ በአንድ ማለፍም ሰፊ አሸዋ ይሸፍናል፤ ማዕበል አሸዋውን ባጠበበት ሰፊ ዳርቻ ላይ ጊዜው አጭር ስለሆነ ይህ ጥሩ ነው። ሞገድ ውስጥ ግን ውሃው እንደ ሸራ ይገፋዋል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የትከሻ ጉዳይ ይሆናል። ግማሽ ሬያሉንም የ28ቱ ይበልጥ ይሰማዋል። የ15 ሴንቲ ሜትሩ በዓለት ስንጥቅ መካከል ብቻ ይጠቅማል።

የኮይሉን መከለያ ሽፋን በየቀኑ ያውልቁት። በሽፋኑና በኮይሉ መካከል የገባ እርጥብ ጥቁር አሸዋ ከኮይሉ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ያኔ መሣሪያው ያለምክንያት ሲጮኽ ሰው አምራቹን ይወቅሳል።

ወንፊት አካፋና ፒንፖይንተር

እርጥብ አሸዋ ላይ ረጅም እጀታ ያለው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ወንፊት አካፋ ያስፈልጋል። አሉሚኒየሙ ይቀላል፣ ነገር ግን በተጠቀጠቀ ዛጎል ላይ ይታጠፋል። የፕላስቲኩ የእጅ ወንፊት ለደረቅ አሸዋ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የማያየው የቀዳዳው ስፋት ነው። የተለመደው 16 ሚሊ ሜትር ቀለበትና ዘመናዊ ሳንቲም ያስቀራል፣ አሸዋውንም ቶሎ ያፈሳል። ግማሽ ሬያል ግን በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ይወድቃል፣ ሳያዩትም ይቀራል። ለኮብ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለውን ይውሰዱ። አሸዋው ለመፍሰስ ትንሽ ይዘገያል፤ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ማወዛወዝ ነው።

አነጣጥሮ መቆፈሩ እንዲህ ነው። ድምፁን በመስቀል አቅጣጫ አልፈው መሐሉን ይያዙ። የአካፋውን አፍ ከመሐሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ራስዎ አድርገው ይትከሉ፤ ስለቱ መሐሉ ላይ ካረፈ የ300 ዓመቱን ብር ለሁለት ይከፍለዋል። በእግር ገፍተው ያውጡ። ከዚያ ክምሩን ሳይሆን ጉድጓዱን መጀመሪያ በኮይሉ ይፈትሹ፤ ድምፁ አሁንም ከጉድጓዱ ከመጣ ይቀጥሉ፣ ከጠፋ ወደ ክምሩ ይዙሩ። ውሃ ውስጥ ሲሆን ኮይሉ መሐሉን ሲያሳይ የጫማዎን ጫፍ አጠገቡ ያቁሙና አካፋውን በጫፉ ልክ ያስገቡ፤ ሞገድ ኮይሉን ቢወስደው እግርዎ ቦታውን ይይዝልዎታል።

ፒንፖይንተር (በጉድጓዱና በክምሩ ውስጥ ሳንቲሙ ያለበትን ነጥብ የሚያሳይ ትንሽ የእጅ መፈለጊያ) ጨዋማ አሸዋ ላይ ይጮኻል። ጫፉ እርጥቡን አሸዋ እንደነካ አጥፍተው መልሰው ቢያበሩት ጨውን እንደ መነሻ ይወስደውና ዝም ይላል። የጋሬት ፕሮ ፖይንተር ኤቲ እስከ 6 ሜትር ውሃ ይችላል፤ በዚህ ዘዴም በደንብ ይሠራል።

ከዲቴክተሩ የሚበልጠው ምርጫ፦ የትኛው ቀን፣ የትኛው መስመር

በትክክለኛው ቀን ርካሽ መሣሪያ የያዘ ሰው በተሳሳተው ቀን ውዱን ከያዘው ይበልጣል። ምክንያቱ ክብደት ነው። የአሸዋ እፍጋት ከውሃ 2.65 እጥፍ ነው፤ የማግኔታይት 5.2፣ የብር 10.5፣ የእርሳስ 11.3፣ የወርቅ 19.3። ሞገድ ቀላሉን አሸዋ ሲያንቀሳቅስ ከባዱ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የተጠቀጠቀ ሸክላ፣ ዛጎል ወይም ዓለት እስኪያገኝ። በሰላሙ ወራት በዚያ ንጣፍ ላይ አንድ ሁለት ሜትር አሸዋ ይከመራል፣ የትኛውም ዲቴክተር አይደርስበትም። ከባድ ማዕበል ያንን አሸዋ ሲጠርገው ነው ንጣፉ ለኮይል የሚቀርበው።

ኪፕ ዋግነር የሚባል የግንባታ ተቋራጭ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ በሴባስቲያን አጠገብ የብር ኮቦችን ያገኝ የነበረው ከጦር ሠራዊት በተረፈ ፈንጂ መፈለጊያ ነው። ያ መሣሪያ ዛሬ ማንም አይገዛውም። የሚገኙት ሳንቲሞች አንዳቸውም ከ1715 በኋላ የታተሙ አለመሆናቸውን አስተዋለ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1715 ከሃቫና ወደ ስፔን ሲሄድ በሀሪኬን ከተመታው የመርከብ ጓድ ጋር አገናኛቸው። ከ12ቱ መርከቦች 11ዱ ሰጥመዋል። ያ ዳርቻ ዛሬ የሀብት ዳርቻ ተብሎ ይጠራል፤ ሳንቲሞቹም የሚወጡት በአብዛኛው ከሀሪኬን በኋላ ወይም ከመኸር እስከ ብርዱ ወራት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ለቀናት ሲነፍስ ነው።

ከማዕበሉ በኋላ የመጀመሪያው የባሕር ጉድለት (ውሃው ከዳርቻው የሚሸሽበት ጊዜ) ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ነው፤ ሞገዱ ከረጋ አሸዋው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመለሳል። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ ላይ ባሕሩ ይበልጥ ይርቃል። ዝቅተኛው ሰዓት ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይግቡ፣ ውሃውን እየተከተሉ ወደ ታች ይውረዱ። ሲደርሱ የሚፈልጉት በአሸዋው ላይ የተቆረጠ ግድግዳ፣ ከሥሩ የወጣ ዛጎልና ጠጠር፣ የጥቁር አሸዋ ሰንበር ነው። ለስላሳና እግር የሚያሰምጥ አሸዋ ገና የመጣ ነው፤ ይለፉት። እግር ሲመታው ጠንካራ የሆነውን ይያዙ። ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ግድግዳ ሥር ግን አይቁሙ፣ ሳይታሰብ ይናዳል።

የዓሣ አጥማጆች እርሳስ ሲያገኙ አይበሳጩ። እርሳስ በክብደቱ ለብር ቅርብ ነው፤ ባሕሩ እርሳሱን ያስቀመጠበት መስመር ብሩንም የሚያስቀምጥበት ነው። እርሳስ ከተደጋገመ ፍጥነትዎን ቀንሰው ኮይሉን በግማሽ ስፋቱ እየደራረቡ ያንን መስመር ይጨርሱ። አሸዋ በቧንቧ ተጭኖ እንዲሰፋ የተደረገ ዳርቻ ላይ ግን ጊዜዎን አያጥፉ፤ የድሮው ንጣፍ ከሥር ተቀብሯል።

ሕጉ

ይህ ከመግዛት በፊት የሚጣራ ነው፤ የመሣሪያውን ዓይነት ሊወስን ይችላልና። ፍሎሪዳ ውስጥ የባሕሩ ወለል የመንግሥት ነው፤ ከውሃው በታች ታሪካዊ ቅርስ መቆፈር ያለ ፈቃድ አይቻልም፣ የ1715ቱ ስብርባሪዎችም የማውጣት መብታቸው የተያዘ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ሰው ለ60 ሜትር ጥልቀት የሚከፍልበት ምክንያት የለም። በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ባሉ ዳርቻዎች ዲቴክተር ክልክል ነው። በክፍለ ግዛቱ ፓርኮች ደግሞ በተፈቀደባቸው ቦታዎች ከውሃው እስከ አሸዋው ጉብታ ሥር ብቻ ነው። ጉብታው ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ በዔሊ መራቢያ ወራት ምልክት ከተደረገባቸው ጎጆዎች ይራቁ፣ የቆፈሩትንም ሁሉ ይድፈኑ፤ ጉድጓድ የዔሊ ግልገሎችን ያስቀራል።

በብሪታንያ ከመርከብ ስብርባሪ የመጣ ማንኛውም ነገር፣ ባሕር ዳር ተገፍቶ የወጣውም ጭምር፣ በ28 ቀናት ውስጥ የመርከብ ስብርባሪ ተቀባይ ለተባለው ባለሥልጣን መታወቅ አለበት። በፈረንሳይ ቅርስ ለመፈለግ ዲቴክተር መጠቀም የአስተዳደር ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአየርላንድም ያለ ፈቃድ አይቻልም። በየትኛውም አገር የተገኘበትን ቦታ፣ ቀንና ጥልቀት በዕለቱ ይጻፉ፤ ሳንቲም ያለ ቦታው ታሪኩ ግማሽ ነው።

ካገኙ በኋላ፦ ማጽዳት ወይስ መተው?

ወርቅ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃዋል። በጣት እንኳ አይፈትጉት፤ የተጣበቀው አሸዋ ይጭረዋል።

ብሩን እንዳገኙት በባሕር ውሃ በያዘ ትንሽ ዕቃ ይዘው ይመለሱ፣ አይድረቅ። ቤት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያኑሩት፣ ውሃውን በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቀይሩ። ከዚያ ይመዝኑት። ባለ 8 ሬያሉ ወደ 27 ግራም ከቀረበ ውስጡ ብር አለ፤ ስስ ጥቁረት ብቻ ከሆነ የአሉሚኒየም ፎይልና የልብስ ሶዳ በሙቅ ውሃ ያቀልለዋል። ግማሹን ክብደት ያጣ ከሆነ ግን በዚያ ዘዴ፣ በኤሌክትሮሊሲስም ሆነ በአሲድ አይንኩት። የማኅተሙ ምስል፣ መስቀሉ፣ አንበሳውና ቤተ መንግሥቱ፣ የቀረው በጥቁሩ ሰልፋይድ ውስጥ ነው፤ ሰልፋይዱን ያወጣ ምስሉን አብሮ ያወጣዋል፣ ከእጅ ላይም የሚቀረው ቀዳዳ የበዛበት ነጭ ስባሪ ይሆናል። ከዛጎልና ከብረት ዝገት ጋር የተጣበቀውም እንደዚሁ ውሃው ውስጥ እንዳለ ለቅርስ ጥገና ባለሙያ ይሰጥ።

ዓመቱን ለመገመት ጠርዙን ይዩ። የሜክሲኮ ማተሚያ ቤት በማሽን የሚመታውን ክብ፣ ጠርዙ የተቀረጸ ብር ማውጣት የጀመረው በ1732 ነው። በእጅዎ ያለው ጠርዙ የተከረከመና ሞላላ ከሆነ፣ መስቀሉም በአንድ በኩል ከታየ፣ በመዶሻ የተመታ ኮብ ነው።